አብሮዎት የሚሆን ሰው አለ?

በሥራዬ በብዛት ከምተረጉማቸው የእንግሊዝኛ ግሶች አንዱ «አካምፓኒ» ነው፣ አብሮ መሄድ፣ አብሮ መሆን እንደ ማለት። ዋሽንግተን አካባቢ ባሉ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ ነኝ። ሐኪሙ እንግሊዝኛ ይናገራል፣ ታካሚው አማርኛ፣ እኔ መሀል ላይ እቆማለሁ። ከደም ግፊትና ከስኳር ቃላት ቀጥሎ አፌ ላይ የሚውለው ይህ ግስ ነው።

የሚመጣበት መንገድ ተመሳሳይ ነው። ነርሷ ቀጠሮ ትሰጣለች። ኮሎኖስኮፒ ነው፣ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ አንጀት የሚታይበት ምርመራ። ማደንዘዣ አለው። ከዚያ እንዲህ ትላለች። «ከምርመራው በኋላ ብቻዎን መውጣት አይችሉም። አንድ አዋቂ ሰው አካምፓኒ ሊያደርግዎት ይገባል። ታክሲ ብቻውን አይሆንም። ኡበርም አይሆንም። የሰውየውን ስምና ስልክ ይስጡኝ።»

ብዙ ጊዜ መልሱ የሚዘገየው እዚህ ላይ ነው። ቱቦውን ሲሰሙ ያልደነገጡ አባት እዚህ ሲደርሱ ወደ መሬት ያያሉ። «ልጄ፣ ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ነው። ማንን አስቸግራለሁ?» ይሉኛል። ልጆቻቸው ሌላ ስቴት ናቸው። ጎረቤቱ የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ ቀን ይተኛል። የሚያውቁት ሰው ሞልቷል፤ ቅዳሜና እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሰላም የሚሏቸውን ቢቆጥሩ አያልቁም። ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ግን የሚመጣ የለም። አንዳንዶቹ በዚህ ምክንያት ብቻ ቀጠሮውን ይተዉታል። አሜሪካ ውስጥ ይህ ምርመራ እንዲጀመር የሚመከርበት ዕድሜ እ.ኤ.አ. በ2021 ከ50 ወደ 45 ዝቅ ብሏል። ስለዚህ ጥያቄው አሁን ወደ እኔ እኩዮችም ደርሷል።

ሕጉ ክፋት የለበትም። መድኃኒቱ ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። ሰውየው ዓይኑን ከፍቶ፣ ሱሪውን ታጥቆ፣ «ደህና ነኝ» እያለ ሐኪሙ የነገረውን ሁሉ ሊረሳ ይችላል። እስከ ማግስቱ መኪና መንዳት የለበትም። ደም ቢፈሰው ወይም ቢያዞረው የሚያይ ዓይን ያስፈልጋል። ለዚህ ነው ሹፌር የማይበቃው። ሹፌር በር ላይ አውርዶ ይሄዳል።

እኔም መሆን አልችልም። የሙያችን ሥነ ምግባር ታካሚን በመኪና መውሰድ፣ ቤት መግባት አይፈቅድም። ምክንያቱ ይገባኛል፣ እቀበለዋለሁም። ግን ቃሉን አፌ ላይ አድርጌ ሰው ፊት ስቀመጥ ይከብደኛል። በአማርኛ ምን ብዬ እንደምለው ራሱ ያስጨንቀኝ ነበር። ከየት እንደመጣ መፈለግ የጀመርኩትም በዚህ የተነሣ ነው።

ግሱ በእንግሊዝኛ ብዙ ቦታ ይሠራል። ሰው ሰውን አካምፓኒ ያደርጋል። ከማመልከቻ ጋር አብሮ የሚላክ ደብዳቤ ማመልከቻውን አካምፓኒ ያደርጋል። ሆድ ቁርጠቱ ከማቅለሽለሽ ጋር ከመጣ ሐኪሙ ሁለቱን በዚሁ ግስ ያያይዛቸዋል። ፒያኖው ዘፋኙን፣ ወይኑ ዓሣውን አካምፓኒ ያደርጋል። ሰዋስዉ ላይ ግን ለእኛ የሚያስቸግር ነገር አለ። በአማርኛ አብሮነት ሲነሣ «ጋር» አይቀርም። ይህ የእንግሊዝኛ ግስ ግን «ጋር»ን በውስጡ ይዞ ነው የተፈጠረው። ስለዚህ «አካምፓኒ ሚ» ይባላል እንጂ መሀሉ ላይ «ዊዝ»፣ የእነሱ «ጋር»፣ አይገባም። ተገልብጦ «አካምፓኒድ» ሲሆን ሰው ከተከተለው «ባይ» ነው የሚባለው። ነገር ከሆነ «ዊዝ»ም ያስኬዳል።

በወሬ ላይ እምብዛም አይሰማም። ሱቅ የምትሄድ ጓደኛውን «አካምፓኒ ላድርግሽ» የሚላት አሜሪካዊ ብዙ አላጋጠመኝም። «አብሬሽ ልምጣ» ነው የሚላት። አካምፓኒ የቅጽ ቃል ሆኗል። ሕፃናት ያለ አዋቂ መግባት እንደማይችሉ የሚናገር የመዋኛ ገንዳ ማስታወቂያ ላይ፣ የአየር መንገድ ደንብ ላይ፣ የስደተኛ ሕግ ላይ ነው የሚገኘው።

አማርኛችን ደግሞ ነገሩን ለብዙ ግስ አከፋፍሎታል። መሸኘት አለ። እንግዳ ሲሄድ እስከ በር፣ ከዚያ እስከ መንገድ፣ ከዚያም «ግዴለህም ተመለስ» እስኪባል ድረስ አብሮ መሄድ ነው። ደስ የሚል ልማድ ነው፤ ግን ሸኚው ይመለሳል። ማጀብ አለ። ሙሽራ ይታጀባል፣ ባለሥልጣን ይታጀባል፣ ጥምቀት ላይ ታቦት ይታጀባል። እጀባ ክብር ነው፣ ብዙ ሰውም ይፈልጋል። መከተል አለ፤ እሱ ከኋላ ነው። ማድረስ አለ፤ እሱ ደግሞ በር ላይ ያልቃል።

ለነርሷ ዓረፍተ ነገር ከእነዚህ የትኛው ይሆናል? «አጃቢ ያስፈልግዎታል» ብል አባባ ምን መጣ ብለው ይደነግጣሉ። «የሚሸኝዎት» ብል ትርጉሙ ይገለበጣል፤ የሚፈለገው ትቶ የሚመለስ ሰው ሳይሆን ይዞ የሚመለስ ነው።

አሁን ወደ ትውልዱ ልግባ። አካምፓኒ ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ከድሮው ፈረንሳይኛ ነው። ኮምፓኒየን፣ ጓደኛ ማለት፣ የሚለው ስም ቀድሞት በ1300 ገደማ ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የፈረንሳይኛ ቃል እንደ ጎርፍ ነው የገባው፤ እነዚህም ከዚያ ውስጥ ናቸው። ፈረንሳይኛው የመጣው ከላቲን ነው። በላቲን «ኮም» ማለት አብሮ፣ «ፓኒስ» ማለት ዳቦ ነው። ኮምፓኒዮ እንግዲህ አብሮ ዳቦ የሚበላ ሰው ነው። ሰውን አካምፓኒ ማድረግም ከሥሩ ሲታይ ዳቦ ተካፋይ ማድረግ ነው።

መንገድ የለበትም። ዛሬ ቃሉን ስንሰማ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ሲሄዱ ይታየናል። ቃሉ ሲወለድ ግን ሰዎቹ ተቀምጠው ይበሉ ነበር።

ኮምፓኒዮ በጽሑፍ መጀመሪያ የሚገኘው ሌክስ ሳሊካ በሚባለው የፍራንኮች ሕግ ውስጥ ነው። ዘመኑ 6ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ፍራንኮች ከጀርመን ወገን የሆኑ ሕዝቦች ናቸው። የቋንቋ ሊቃውንት እንደሚሉት ቃሉ ላቲን ይልበስ እንጂ አሳቡ የእነሱ ነው። የራሳቸውን ቃል ፈትተው በላቲን ገጣጠሙት። ለዚህ ምስክር የሚሆነው ጎትኛ ነው፣ ዛሬ የማይነገር የጀርመን ወገን ቋንቋ። ጎቶች «ጋህላይባ» የሚሉት ቃል ነበራቸው። «ጋ» አብሮ ነው፣ «ህላይፍስ» ዳቦ። እንግሊዞች ዛሬ አንድ ሙሉ ዳቦን «ሎፍ» የሚሉት ከዚሁ ዘር ነው።

ጎትኛን የምናውቀው በአብዛኛው በአንድ ጳጳስ ሥራ ምክንያት ነው። ዉልፊላ ይባላል። በ4ኛው ክፍለ ዘመን፣ አክሱም ውስጥ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ባስተማረበት ዘመን ማለት ነው፣ መጽሐፍ ቅዱስን ለጎቶች ተረጎመላቸው። ፊደልም ቀረጸላቸው። ከትርጉሙ ቅጂዎች ትልቁ ሐምራዊ ብራና ላይ በብርና በወርቅ ቀለም የተጻፈ ሲሆን፣ ዛሬ ስዊድን ውስጥ ኡፕሳላ ይገኛል።

የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 11 ቁጥር 16ን አስታውሱ። አልዓዛር ሞቷል። ኢየሱስ ወደ ይሁዳ ልመለስ ብሏል፤ እዚያ ግን በድንጋይ ሊወግሩት የፈለጉ አሉ። ደቀ መዛሙርቱ ፈርተዋል። ቶማስ ነው «ከእርሱ ጋር እንሞት ዘንድ እኛም እንሂድ» ያላቸው። ለማን ነው የተናገረው? ግሪክኛው አብረውት ለሚማሩት ይላል። ዉልፊላ እዚያ ቦታ ላይ የመረጠው ቃል ጋህላይባ ነው። ለዳቦ ተካፋዮቹ ተናገረ ማለቱ ነው።

ከዚያ በ1954 ዓ.ም. የታተመውን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ገለጥኩ። «ቶማስ ለባልንጀሮቹ ለደቀ መዛሙርት» ይላል።

ባልንጀራ። ባለ እንጀራ።

ይህን ያየሁ ቀን ለማን ልንገር ብዬ ተቸገርኩ። ማንም ከማንም አልቀዳም። የአማርኛው ተርጓሚዎች ከጎትኛ ጋር የሚያገናኛቸው ነገር የለም። ባልንጀራ የመንደር ቃል ነው፣ እናቶቻችን «ባልንጀራዬ» እያሉ ያደጉበት። ሆኖም ሁለቱ ቋንቋዎች ያንኑ ጥያቄ ሲጠየቁ ያንኑ መልስ ሰጡ። አብሮኝ ሊሞት የሚወጣው ማን ነው? አብሮኝ የበላው ነው።

ብቻቸውንም አይደሉም። የአርመኖች «እንከር» ጓደኛ ማለት ነው፤ እሱም ሲፈታ አብሮ የሚበላ ነው። አርመኖችን ሳነሣ አርባ ልጆች ትዝ ይሉኛል። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ወደ አዲስ አበባ ያመጧቸው፣ ወላጆቻቸውን በአርመኖች ላይ በተፈጸመው ዘር ማጥፋት ያጡት ሙዚቀኞች ናቸው። በራሳቸው ቋንቋ እንከር የሚሉ ልጆች ባልንጀራ የሚል አገር ገቡ።

እንግሊዝኛም ከላቲኑ ሌላ ከጀርመን ወገን የመጣ ቃል አለው። እንግሊዞችና አውስትራልያውያን በየዓረፍተ ነገሩ የሚያስገቡት «ሜት» ከጥንት ሲመጣ ምግብ ተካፋይ ማለት ነው። ፈረንሳዮች ጓደኛቸውን «ኮፓን» ሲሉ ያው የዳቦው ቃል ነው። የጣልያኖች «ኮምፓኞ»፣ የስፓኞች «ኮምፓኜሮ» እንዲሁ። ካምፓኒ፣ የእኛም ኩባንያ፣ ከዚህ ቤት ናቸው። ነገሩ ከዳቦ ወደ አክሲዮን ሲሄድ ብዙ ርቋል። «ኮምሬድ» ግን የሌላ ነው። ከስፓኝኛ «ካማራዳ» የመጣ ሲሆን አንድ ክፍል አብሮ የሚያድር ማለት ነው። በደርግ ጊዜ «ጓድ» እያልን የተረጎምነው እሱን ነበር። በእኔ ስሜት ጓድና ባልንጀራ አንድ ሆነው አያውቁም። ጓድ ከላይ ታዞ ይመጣል፤ ባልንጀራ ከገበታ ይነሣል።

እርግጥ ዳቦ ሁልጊዜ እኩል አያደርግም። የእንግሊዝኛው «ሎርድ»፣ ጌታ ማለት፣ ድሮ «ህላፍዌርድ» ነበር፣ የዳቦ ጠባቂ። «ሌዲ»፣ እመቤት፣ ደግሞ ሊጥ የምታቦካ ማለት ነበረች። በ600 ገደማ በወጣው የኬንት ንጉሥ የኤተልበርት ሕግ ውስጥ በጌታ ቤት የሚያድር ጥገኛ «ዳቦ በሊ» ተብሏል። ጠባቂ፣ አቡኪ፣ በሊ። ዳቦው ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። እኛም ዘንድ እንጀራ እንደዚያ ይሠራል። «እንጀራዬ ነው» ሲባል ሥራ ነው፣ ጌታ ነው፣ ጥገኝነት ነው። ግን ያልወለደችን ሴት እናት የሚያደርጋትም ይኸው ቃል ነው። እንጀራ እናት እንላለን። እንጀራ አባት፣ የእንጀራ ልጅ። ደም ያላገናኘውን ማዕድ ያገናኘዋል። ሲፈርስም የሚከብደን በዚያው ልክ ነው፤ «የበላበትን ወጪት ሰባሪ» ከመባል የባሰ ስድብ ስንት አለ?

ባልንጀራ የሚለው ቃል በጣም የሚከብደኝ ሌላ ቦታ ላይ ነው። «ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ» የሚለውን ሁላችንም በቃል እናውቀዋለን። ግእዙ «ቢጽ» ይላል። እንግሊዝኛው «ኔበር» ይላል፣ ጎረቤት፣ አጠገብህ የሚኖር። የእኛው ግን አብሮህ እንጀራ የሚበላውን ውደድ ይላል። እንዲህ ሲታይ ቀላል ትእዛዝ ይመስላል። አብሮት የበላውን የማይወድ ማን አለ? ያን ጊዜ ነው በሉቃስ ወንጌል ላይ ሕግ አዋቂው «ባልንጀራዬስ ማን ነው?» ብሎ የሚጠይቀው።

መልሱ ሳምራዊው ነው። አይሁድና ሳምራውያን ማዕድ አይካፈሉም ነበር። በአማርኛ ታሪኩ ከእንግሊዝኛው ይልቅ ይሾላል። ባለ እንጀራህ ማን ነው ሲባል፣ መልሱ እንጀራ አብሮህ በልቶ የማያውቀው ሰው ሆነ። ሥራውንም ተመልከቱ። ቁስሉን አሰረለት። በራሱ አህያ ላይ ጫነው። ወደ እንግዶች ማደሪያ ወሰደው። እዚያ ጥሎት አልሄደም፤ ሲጠብቀው አደረ። የሄደው በማግስቱ ነው፣ ሁለት ዲናር ከፍሎ፣ የሚጎድለውንም ስመለስ እከፍላለሁ ብሎ። ነርሷ በቅጹ ላይ የምትጠይቀው ከዚህ የተለየ ነገር የለውም። ይዞ የሚሄድ፣ እስከ ማግስቱ የማይተው ሰው ነው የምትፈልገው።

ስለ ሙዚቃው አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ ግሱ እዚያ ጥሩ ትምህርት አለው። ጄራልድ ሙር የሚባል እንግሊዛዊ ፒያኖ ተጫዋች ነበር፣ እ.ኤ.አ. ከ1899 እስከ 1987 የኖረ። ዕድሜውን ሙሉ ዘፋኞችን አካምፓኒ ሲያደርግ ኖረ። በእሱ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ እንደዚህ ያለ ሰው ከዘፋኙ ኋላ የሚጎተት ተደርጎ ይታይ ነበር። ሙር ያንን ለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ላይ ሲሰናበት ሽዋርዝኮፍ፣ ዴ ሎስ አንጀለስና ፊሸር ዲስካው መጥተው ዘፈኑለት። የዘመኑ ታላላቆች ነበሩ። የሥራው ምስጢር ማድመጥ ነው። ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ መጠበቅ፣ ሲፈጥን አብሮ መፍጠን። ዜማው የእሱ አይደለም፤ ያለ እሱ ግን ዜማው ይራቆታል። አማርኛው ይህንን «አጃቢ» ማለቱ አልወደድኩትም። እጀባ ዙሪያውን መክበብ ነው፤ ሙር ያደርግ የነበረው ከዚያ የቀረበ ነገር ነው።

ግሱን ከቅጽ ቃልነት ያወጣው ሰው ግን፣ በእኔ እይታ፣ ፖል ፋርመር ነው። አሜሪካዊ ሐኪም ነበር፤ የሰው ልጅ ባህልም ያጠና ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 ከባልንጀሮቹ ጋር ፓርትነርስ ኢን ሄልዝ የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። ዋናው ሥራው ሄይቲ ውስጥ ነበር፣ ካንዥ በምትባል ደሀ የገጠር መንደር። እዚያ የሳንባ ነቀርሳ በሽተኞች መድኃኒት ተሰጥቷቸውም ይሞቱ ነበር። ብዙ ሰው ምክንያቱን በበሽተኞቹ ላይ ያደርግ ነበር። ያልተማሩ ናቸው፣ በጠንቋይ ያምናሉ፣ መድኃኒቱን አይወስዱም ይባላል። ፋርመርና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ነገሩን ፈተኑት። ለአንዳንዶቹ በሽተኞች መድኃኒቱ ብቻ ተሰጠ። ለሌሎቹ ከመድኃኒቱ ጋር ለምግብና ለመጓጓዣ ገንዘብ ተጨመረ፤ የመንደራቸውም ሰው ቤታቸው እየሄደ ይጎበኛቸው ጀመር። ሁለተኞቹ ሁሉም ዳኑ። ከመጀመሪያዎቹ የዳኑት ከግማሽ ብዙም አይበልጡም። እምነታቸው ያው ነው። የጎደላቸው እንጀራና ሰው ነበር።

እነዚያን ጎብኚዎች በሄይቲ «አኮምፓኛተር» ይሏቸዋል። ሐኪሞች አይደሉም፣ ነርሶችም አይደሉም። መድኃኒቱ ሲዋጥ አጠገብ ይቀመጣሉ። ጣሪያው የሚያፈስ ከሆነ ያያሉ። ልጆቹ በልተው እንደሆነ ይጠይቃሉ። ፋርመር እ.ኤ.አ. በ2011 ሃርቫርድ ውስጥ ለተመራቂዎች ሲናገር ይህንን ግስ ዋና ርእሱ አደረገው። ሰውን አካምፓኒ ማድረግ አብሮት ወደ አንድ ቦታ መሄድ፣ አብሮት ዳቦ መቁረስ፣ መጀመሪያና መጨረሻ ባለው ጉዞው ላይ መገኘት ነው አለ። ሥራው አለቀ የሚለውም ሐኪሙ አይደለም፣ ታካሚው ነው። ፋርመር እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 ሩዋንዳ ውስጥ በሥራ ላይ እያለ አረፈ። ዳቦውን ወደ ግሱ የመለሰው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህንን ሳነብ አገር ቤት ያሉ አስታማሚዎች ናቸው ፊቴ የመጡት። ማንኛውም ትልቅ ሆስፒታል ግቢ በምሳ ሰዓት ሂዱ። ምሳ ዕቃ የያዘ ሰው በር ላይ ተሰልፎ ታያላችሁ። ዘበኛው ካርድ ይጠይቃል፣ አንድ ሰው ብቻ ይግባ ይላል፣ ክርክር አለ። ውስጥ የገባችው እህት አጥሚት ታጠጣለች፣ አንሶላ ትቀይራለች፣ መድኃኒት ፍለጋ ከፋርማሲ ፋርማሲ ትሮጣለች። ማታ ወንበር ላይ ወይም መሬት ላይ ጋቢ ለብሳ ታድራለች። ከአጠገቧ ላለው ጠያቂ ለሌለው በሽተኛም ከዚያው ምሳ ዕቃ ታቀምሳለች። ይህ ድካም ነው፤ ሆስፒታሉ ሊሸፍነው የሚገባ ጉድለትም አለበት። አላስጌጠውም። ብዙ ሴት ሥራዋንና ትምህርቷን ያጣችበት ነው። ግን እዚያ ብቻውን የሚወጣ በሽተኛ እምብዛም የለም። ኮምፓኒዮ የሚለውን የላቲን ቃል ሙሉ ትርጉሙን ማየት የሚፈልግ ሰው ያንን በር ይይ።

እዚህ አገር ቃሉ በጣም የሚሰማው ሲጎድል ነው። ከፊቱ «አን» ሲጨመርበት፣ «አንአካምፓኒድ» ሲሆን። አየር መንገዶች ብቻውን ለሚበር ልጅ ይህንን ስም ይሰጡታል፤ አስተናጋጅ ተረክባ አስተናጋጅ ታስረክበዋለች። ከባዱ ግን የሕጉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የአሜሪካ የአገር ውስጥ ደኅንነት ሕግ ዕድሜው ከ18 በታች የሆነ፣ ሕጋዊ ፈቃድ የሌለው፣ አገሩ ውስጥም ሊረከበው የሚችል ወላጅ ወይም አሳዳጊ የሌለው ልጅን በዚህ ቃል ይጠራዋል። አውሮፓ ውስጥም ሰሐራንና ባሕሩን አቋርጠው የሚደርሱ የእኛው አካባቢ ልጆች ፋይላቸው ላይ ይኸው ቃል ይጻፋል። ቃሉን ስፈታው ሆዴ ይረበሻል። አብሮት ዳቦ የሚበላ የሌለው ልጅ ማለት ነው። ሕጉ ይህንን አላሰበም፣ ማሰብም አይጠበቅበትም። እኔ ግን አንዴ ስላወቅኩት ፋይሉ ላይ ሳየው ሌላ አይነበበኝም።

ሆስፒታል ውስጥ ዛሬ የምለው ይህንን ነው። «አባባ፣ ከምርመራው በኋላ ይዞዎት የሚሄድ፣ እስከ ማግስቱ አብሮዎት የሚሆን ሰው ይፈልጋሉ።» ረዘም ይላል። ነርሷ አንዳንዴ ለአንድ ቃል ይህን ያህል ምን አልክ በሚል ዓይን ታየኛለች። ግን «አብሮዎት የሚሆን» ሲባል መንገዱም፣ ወንበሩም፣ ምግቡም ይገባል። የተነጋገርነውን የሚረዱኝም ያኔ ነው። «እንግዲህ እንደ አስታማሚ ነው» ይላሉ። አዎ፣ እንደ አስታማሚ ነው።

በዚህ ጉዳይ ከአካባቢው የዕድር ሰዎች ጋር ስነጋገር ቆይቻለሁ። ዕድሮቻችን እዚህ አገር ሰው ሲሞት ጥሩ ይሠራሉ። ገንዘቡ ይሰበሰባል፣ አስከሬን አገር ቤት ይላካል፣ ሐዘንተኛው ቤት ምግቡ ሞልቶ ይተርፋል። ይህንን ያህል ማድረግ የሚችል ማኅበር ለአንድ ማክሰኞ ጠዋት ሰው አያጣም። የሚያስፈልገው ትንሽ ነው። ማን በየትኛው ቀን ሥራ እንደሌለው የሚጽፍ አንድ ሰው ቢኖር፣ አባላቱም ቀጠሮ ሲያዝላቸው ሳያፍሩ ቢደውሉለት ይበቃል። አንዳንዶቹ አሳቡን ወደውታል። አንዳንዶቹ የሰው ሕመም ምስጢር ነው፣ እንዴት ይሆናል ብለው ፈርተዋል። ፍርሃቱ ትክክል ነው። የሚመጣው ሰው ምርመራው ምን እንደሆነ ማወቅ የለበትም፤ ሰዓቱንና በሩን ካወቀ ይበቃዋል።

አብሮ የሚሄደው ሰው ምን ያደርጋል ለምትሉ፣ የማየውን ልንገራችሁ። ሲገቡ ይገኛል ወይም ስልኩን ክፍት ያደርጋል፤ ሲጨርሱ ይደውሉለታልና። ሐኪሙ የሚናገረውን ይሰማል፤ ታካሚው አይይዘውምና። አስተርጓሚ ለእሱም ጭምር መጠየቅ ይችላል፤ ክፍያ የለውም። ወረቀቱ ላይ ያለውን የአደጋ ስልክ ቁጥር ፍሪጅ ላይ ይለጥፋል። ቤት ሲደርሱ ሰውየው ከትናንት ጀምሮ ጠንካራ ምግብ አልቀመሰም፣ ስለዚህ ቀለል ያለ ነገር ያቀርብለታል። አብሮት ይበላል። ቀጠሮ ተይዞላችሁ ሰው ካጣችሁ ደግሞ ዝም ብላችሁ አትሰርዙ። ቀደም ብላችሁ ለነርሷ ንገሯት። ብዙ ሆስፒታሎች ማኅበራዊ ሠራተኛ አላቸው፤ አንዳንዴ ሌላ መንገድ ይፈልጋሉ። ይህንን ለመጠየቅ እንግሊዝኛ አያስፈልጋችሁም። ስልኩ ሲነሣ «አማርኛ» በሉ፣ ከእኛ አንዱ መስመሩ ላይ ይገባል።